የምሥራቁ ግድግዳ አፈር

አባ አብዶ የውሻ ሳህን ሲያጥቡ ያየ ሰው ለሠርግ የሚሰናዳ ዕቃ ይመስለዋል። ሰባት ጊዜ ነው የሚያጥቡት፤ መጀመሪያ በአፈር ፈትገው፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ። መሀል ላይ ሰው ገብቶ ካወራቸውና ቁጥሩ ከጠፋባቸው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። በዚህ የሚስቅባቸው ሰው ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን የሚስቅ ይሳቅ ባይ ናቸው።

ልጃቸው ቢፍቱ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፋ ባለ ግቢ ውስጥ የጥበቃ ውሾች ታራባለች። አሠልጥና ለእህል መጋዘኖች፣ ለጋራዦች፣ ስንዴ ለሚያርሱ ባለሀብቶች ትሰጣለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። አባ አብዶ ሚስታቸው ከሞቱባቸው በኋላ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ሲመጡ የተከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ውሻ የላሰው ዕቃ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ እሳቸው ለሶላት ዉዱ በሚያደርጉበት ቧንቧ ሥር እንዲያው ለቅለቅ ተደርጎ አይደረደርም። ቢፍቱ ሥራ ይበዛባታልና እንግዲያው ማጠቡን እርስዎ ይያዙልኝ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ወደ ውሾቹ የተመለሰ ሳህን የለም።

አሁን ግን ግቢው ውስጥ በሽታ ገብቷል።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ፣ ዝናቡ ግቢውን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። ዳመና የምትባለው ውሻ የወለደቻቸው ስድስት ቡችሎች በታችኛው የውሻ ቤት ውስጥ ነበሩ። አንድ ጠዋት አንደኛው ምግቡን ትቶ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ተገኘ። ቀትር ላይ አስመለሰው፣ አመሻሹ ላይ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች ሦስት ተከተሉት። ቢፍቱ ከዚያች ክፍል ደጃፍ አልነሳ አለች፤ ትንንሾቹ እግሮች ላይ የግሉኮስ መርፌ እየያዘች፣ የጠርሙሱን ጠብታ እየቆጠረች ትውላለች። ያቺ ከትልቅ ውሻ አፍ አጥንት የምትነጥቅ ሴት የቡችላውን ደም ሥር ሦስቴ ስትስት አባ አብዶ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ሐኪሟ ጸሎት ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት። ገና በሩ ላይ ሽታው ሲቀበላት ፓርቮ የሚባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ነው አለች። ሰው አይዝም፤ ትልልቆቹ ውሾችም ስለተከተቡ ያን ያህል አያሠጋቸውም። የዳመና ልጆች ግን የመጀመሪያውን ክትባት ብቻ ነው የወሰዱት። የላይኛው ቤት ያሉት፣ ሻሼ የምትባለው ሌላዋ ውሻ የወለደቻቸው አራቱ ቡችሎች ደግሞ ጭራሽ አልተከተቡም፤ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ እየተጠበቀ ነበር። ስለዚህ ያለ የሌለ ጥንቃቄ ለአራቱ ይሁን አለች። መጀመሪያ ጤነኞቹን መመገብ፣ ከዚያ የታመሙትን፤ ከቤት ቤት ቦቲ መለወጥ፤ አንድ እጅ በረኪና ለሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጦ ወለሉን ማጠብ፤ ሳህኖቹንም አሥር ደቂቃ ነክሮ በደንብ ማለቅለቅ። ሳሙና ብቻውን አይገድለውም።

አባ አብዶ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለው ሁሉንም ይሰማሉ። እጃቸው አምስተኛው እጥበት ላይ ነበር።

ጸሎት ቀጠለችና አፈሩን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም አለች። የታመመ ውሻ የተጸዳዳበት ወይም የተቀበረበት አፈር በሽታውን ዓመት ሊይዘው ይችላል፤ እንዲህ እንደ ባሌ በሚበርድ አገር ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይሆናል።

አምስተኛው ጠፋባቸው። ከአንድ ለመጀመር ወደ አፈሩ ጀሪካን እጃቸውን ሰደዱና እዚያው ላይ ቀረ።

ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸውና አላህ ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት፣ የዓረፋ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቢፍቱ በስምንት ወሯ ጎባ ሆስፒታል ገብታ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ ግን በሕይወት አልነበረችም። ባሏ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበርና ሕፃኗን ተቀብለው የቀበሩት አባ አብዶ ናቸው። ሐኪሞቹ አታስጨንቋት፣ እንድታገግም ተዉአት አሏቸው። ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ ግቢው ውስጥ የነበረችው ብቸኛዋ ቡችላ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦራ፣ ደም ቀላቅሎ አስቀመጣትና ሞተች። ቢፍቱ እንደ ዓይኗ ብሌን የምታያት ነበረች። አባ አብዶ ሰው መርዝ የጣለባት መሰላቸው። የነበረችበትን የእንጨት ቤት አፍርሰው በምሥራቁ ግድግዳ ሥር፣ እዚያው የሞተችበት ቦታ ላይ ቀበሯት። ልጃቸው ከሆስፒታል ወጥታ ቦራስ ስትላቸው፣ አጋርፋ ላለ አንድ ገበሬ ሰጠኋት አሉ።

ውሸቱ አንዴ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እግር አወጣ። ቢፍቱ በጠየቀች ቁጥር አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነ። ገበሬው ሳላሀዲን የሚባል ስም ተሰጠው፤ አርባ በጎች ኖሩት፤ ቦራም አድጋ ጅብ አላስደርስ አለች። አባ አብዶ በሰባ ሦስት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ፈጠራ እንዳላቸው ራሳቸውም አያውቁም ነበር። ቢፍቱ ደግሞ ያን ስትሰማ ፊቷ ፈካ ይላል፤ ፈካ ሲል ማየት ብርቅ በሆነበት ጊዜ። በዚህ ሰሞን እንኳ፣ አራተኛውን ቡችላ በማዳበሪያ ጠቅልላ ስታወጣ፣ ደግነቱ ቦራ እዚህ የለችም፣ አልሐምዱሊላህ ብላለች።

ለሳህን ማጠቢያ የሚሆነውን አፈር አባ አብዶ ድሮ ከመንገዱ ዳር ነበር የሚያመጡት። ከሁለት ወር በፊት መንገዱ ኮብልስቶን ተነጠፈበትና ሌላ ቦታ ሲፈልጉ የምሥራቁ ግድግዳ ሥር ታያቸው። አንዴ የተቆፈረ ስለሆነ ለስላሳ፣ ጠጠር የሌለው አፈር ነው። ጀሪካናቸውን የሚሞሉት ከዚያ ሆነ። ይባስ ብሎ በዚህ በበሽታው ሰሞን ቢፍቱ ሐኪሟ ሳትነግራትም ሳህኖቹን ከበረኪና አውጥታ ስትሰጣቸው፣ ሽታው ትንንሾቹን እንዳያስጠላቸው ብለው ከወትሮው የበለጠ አጥብቀው በዚያው አፈር ይፈትጓቸዋል። በረኪናው ያጸዳውን እሳቸው መልሰው ይለቀልቁታል ማለት ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገለጥለት ወዲያው አያምንም። አባ አብዶ ወራቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዓረፋ እስከ ሚያዝያ ዐሥር ወር ገደማ፤ ዓመት አልሞላም። እንደገና ቆጠሩ። ምናልባት በእርግጥም መርዝ ሊሆን ይችላል አሉ ለራሳቸው፤ ውሻን መርዝም ደም ያስቀምጠዋል። ደግሞስ ስድስት ጊዜ በውሃ የታጠበ ዕቃ ላይ ምን ይቀራል? ሳህኖቹን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሯቸው። ፕላስቲኩ በውሾቹ ጥርስ ተቧጭሯል፤ በየጭረቱ ውስጥ ቀይ አፈር ተሰንቅሮ ይታያል።

ጸሎትን ተከትለው በሩ ድረስ ሸኟት። ሊነግሯት አስበው ነበር። አፋቸው ላይ የመጣው ግን ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል የሚል ወሬ ሆነ።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ቢፍቱ ውስጥ ሳለች፣ ጀሪካኑን ግድግዳው ሥር ደፍተው ሻያ ወንዝ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። አዲስ አፈር ከወንዙ ዳር ሞልተው ተመለሱ። ሳህኖቹን ራሳቸው በረኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ነከሯቸው። በቃ፣ ተዘጋ ብለው ተነፈሱ። ልጃቸው ሳትሰማ፣ ቦራም አጋርፋ እንደኖረች፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

ቢፍቱ ግን ጥፋተኛ ትፈልግ ነበር፤ አገኘችም። ወዚር የሚባል፣ ከቄራ ሳንባና ጨጓራ በጋሪ የሚያመጣላት ሰው አለ። ውሻ ያለበትን ግቢ ሁሉ ስለሚያዳርስ በሽታውን በጫማውና በጋሪው ጎማ ያመጣው እሱ ነው ብላ ደመደመች። መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ መንገደኛ ቆሞ እየሰማ፣ ልጆቼን የጨረስክብኝ አንተ ነህ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ አለችው። ወዚር አባ አብዶን ብቻ ቀና ብሎ አያቸው፤ በልጅነቱ ቁርኣን እያስቀሩ ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና አንድ ነገር ይሉልኛል ብሎ ነው። አባ አብዶ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሪው እየተንገጫገጨ ሄደ፤ እሳቸውም አፈሩ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አልሄድ አለ። በየጠዋቱ ቢፍቱ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቤት ስትገባ አባ አብዶ ቧንቧው ሥር ሆነው ጆሯቸውን ያቆማሉ። የአራት ቡችላ ላፕ ላፕ የሚል የመላስ ድምፅ ከመጣ ያን ቀን ደኅና ነው። የሻሼ ልጆች ከሳህን መላስ የጀመሩት ገና በቅርቡ ነው፤ ለዚህ ይሆናል እስካሁን የተረፉት። እሳቸውም ከመላሳቸው በፊት የነበሩትን ቀናትና ከዚያ ወዲህ ያሉትን እየለዩ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ጸሎት በሽታው ከገባ እስከሚታይ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል ብላለች። በአሮጌው አፈር የታጠቡት ሳህኖች ላይ ስንት ቀን ልሰው ነበር? አምስት። ስድስት ሊሆንም ይችላል። ሶላታቸው ላይ እንኳ የረከዓው ቁጥር እየተሳሳተባቸው መጣ።

በሦስተኛው ጠዋት የሦስት ቡችላ ድምፅ ብቻ መጣ።

ቢፍቱ አራተኛውን በፎጣ አቅፋ ወጣች። አላስመለሰውም፤ ግን ራሱን መሸከም አቅቶታል። ጸሎት በስልክ እንደነገረቻት የቀሩትን ሦስቱን ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ውሻ ወደማይደርስበት፣ ንጹሕ ወደ ሆነ ቦታ። ቢፍቱ የታመመውን ካስተኛች በኋላ ቀጥታ ወደ አባቷ መጣች። ፊቷ ላይ ደግሞ፣ ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ይኸው ነው፣ ተስፋ ነበር።

«አባ፣ የዚያን የአጋርፋውን ሰውዬ፣ የሳላሀዲንን ስልክ ይስጡኝ። ሦስቱን ዛሬ በሚኒባስ አደርስለታለሁ።»

አባ አብዶ እዚህ ላይ መናገር ነበረባቸው። ሰው ግን ዐሥር ወር የለመደበትን መንገድ በአንድ ጊዜ አይተውም፤ ሳላሀዲን ስልኩን ለውጧል፣ ደግሞም ለቅሶ ሄዶ አገር ውስጥ የለም አሉ። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ። እሳቸውንም አስደነገጣቸው።

ቢፍቱ ለአፍታ አሰበች። እንግዲያው ግቢው ውስጥ አንድ ንጹሕ ቦታ አለ አለች። የምሥራቁ ግድግዳ ሥር የድሮው ቤት ከፈረሰ ወዲህ ውሻ አልረገጠውም፤ ፀሐይም ያገኘዋል። ሽቦና ሳንቃ አላት፤ ከሰዓት ሳይደርስ ታቆመዋለች። ሰው እንዲያግዛት እንኳ አልጠበቀችም፤ ሳንቃውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች።

አባ አብዶ ቧንቧውን ከፍተው ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ቢናገሩ ልጃቸው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታጣለች፤ ያቺን በአጋርፋ ሜዳ የምትሮጥ ውሻና እሳቸውን። ዝም ቢሉ ሦስቱ ቡችሎች በቦራ መቃብር ላይ ይቀመጣሉ። ከግድግዳው በኩል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምስማር። ከዚያ መዶሻው ዝም አለና ቢፍቱ ሦስቱን ቡችሎች በዘንቢል ይዛ ከላይኛው ቤት ስትወጣ አዩ። አንደኛው አፍንጫውን አውጥቶ አየሩን ያሸታል። ግድግዳው ሥር ደርሳ ዘንቢሉን ለማስቀመጥ አጎነበሰች።

«አታውርጃቸው» አሉ አባ አብዶ። ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮኾ ወጣ። «ቦራ እዚያ ናት።»

ቢፍቱ እንዳጎነበሰች ቀረች። ዘንቢሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በእጇ ላይ ተንጠልጥሏል። ምን ማለትዎ ነው አለች። እሳቸውም ቆመው ነገሯት፤ የሞተችበትን ቀን፣ ደሙን፣ የቀበሩበትን፣ ሳላሀዲን የሚባል ሰው እንደሌለ፣ የጀሪካኑን አፈር፣ ከበረኪናው በኋላ ያጠቡትን ሳህን ሁሉ። ወዚር ላይ ስትጮህ ዝም ማለታቸውንም። ምክንያት ለመደርደር አንዴ ጀምረው ተዉት። ቢፍቱ ዘንቢሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳህኖቹ ወደተደረደሩበት ሄደች፤ በእግሯ ገፍታ ሁሉንም በተነቻቸውና በሩን ከፍታ ወጣች።

የሄደችው ወዚር ቤት ነው። ምን እንዳለችው አባ አብዶ አልሰሙም፤ ወዚርም በኋላ አልነገራቸውም። የእሱ ግቢ ውስጥ ውሻ ገብቶ አያውቅም፤ ሲሚንቶ ወለል ያለው ጓዳም አለው። ሦስቱ ቡችሎች እዚያ ገቡ። አዲስ ሳህን ተገዛላቸው፣ ቢፍቱም ልብሷን ለውጣ፣ እጇን ታጥባ ብቻ ትገባ ጀመር። ጸሎት መጥታ ሁሉንም ከሰማች በኋላ አባ አብዶን አልወቀሰቻቸውም። የተፈተጉት ሳህኖች ይቃጠሉ፣ የግድግዳው ሥርም በኖራና በሲሚንቶ ይሸፈን አለች፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ አባባ፣ ዛሬ ባይነግሩን ኖሮ ሦስቱም አይተርፉም ነበር አለቻቸው። እሳቸውን ግን ይህ አላጽናናቸውም። ስድስቱ ከፊታቸው አንሄድ ብለዋቸዋል፤ ከዳመና ልጆች የቀሩት ሁለቱም በዚያው ሰሞን ሄደዋልና።

በፎጣ የወጣው የሻሼ ቡችላም በሁለተኛው ቀን ሞተ። ወዚር ጋ ካሉት ሦስቱ አንደኛዋ በአምስተኛው ቀን ምግብ ተወች። ቢፍቱ አራት ቀን ከጎኗ አልተነሳችም። አባ አብዶ በየጠዋቱ እየሄዱ በሩ ላይ ቆመው ወዚርን በዓይናቸው ይጠይቁታል፤ ገብተው አያውቁም። ልጃቸው ቤት ስትመለስ ምሳዎት ይኸው፣ ጋቢዎትን ይስጡኝ ልጠበው ከማለት በቀር አታናግራቸውም። ጠብ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን ልክ እንደ እንግዳ ሰው አክብራ ነው የያዘቻቸው፤ ይህ ደግሞ አንጀታቸውን በላው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወዚር ራሱ ሊጠራቸው መጣ። ታማ የነበረችው ቡችላ ተነስታ በልታለች፤ ሌሎቹ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ጸሎት ሦስቱን መርምራ አሁን አልፏል አለች፤ ያቺን ሙሉ በሙሉ እስክትድን አቆይታ፣ የዘገየው ክትባት ትናንት ደርሶ ነበርና ለሁለቱ ሰጠቻቸው። አባ አብዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓዳው ገብተው አዩአቸው። ወዚር እጃቸውን ይዞ ሳማቸው። ይቅርታ ሊጠይቁት ሲሉ አስቀድሞ ሻይ ይዞ መጣባቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ እሳቸውና ቢፍቱ አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ቢፍቱ እስከ ገበያው ድረስ መንገድ መንገዱን ስታይ ቆይታ ሳትዞር ተናገረች።

«ልጄን የቀበሯት እርስዎ ነዎት። እናቴን ትመስላለች ብለውኝ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው?»

አባ አብዶ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የፈሩት ይህንን ጥያቄ እንደነበር አሁን ገባቸው። ወላሂ ብለው ሊምሉላት ፈለጉ፤ ምን ዋጋ አለው ብለው ደግሞ ተዉት። ሳላሀዲንንም፣ አርባውን በግም እሳቸው ናቸው የነገሯት። ድሮ አፋቸው ላይ የሚመጣውን ያስከትሉ ነበር፤ አሁን ግን ያዩትን ብቻ ለመናገር ቆም ብለው አስታወሱ።

«ዓይኗን አላየሁትም፤ ተከድኖ ነበር» አሉ። «ፀጉሯ ጥቁር ነው፤ ብዙ ነበር። አፍንጫዋ የማን እንደሆነ አልለየሁም። የግራ ጆሮዋ ግን ጫፉ ወደ ውስጥ እጥፍ ያለ ነበር፤ ልክ እንደ እናትሽ። በጣቴ ልዘረጋው ሞከርኩ፤ ተመልሶ ታጠፈ።»

ቢፍቱ ዞራ አየቻቸው። ያንን ነግረውኝ አያውቁም አለች።

እንዳታለቅሺ ብዬ ነው አሏት።

ባጃጁ የእህል መጋዘኖቹን አልፎ ወደ ጎባ መንገድ ታጠፈ። ቢፍቱ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዐሥር ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች። ሹፌሩ በመስታወት አያቸው። አባ አብዶ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አኖሩ፤ አይዞሽ፣ በቃ አላሏትም፤ እስክትጨርስ ጠበቋት።